የባክቴሪያ ኬላ፦ ማኅተም የሌለው ዲኤንኤ ይቆረጣል

[ምስል፦ ከደወሌ ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው መንገድ፤ ተራ የያዙ የጭነት መኪኖች]

ድሬ ላደገ ሰው ኬላ ምን እንደሆነ አይነገረውም። ከጅቡቲ የገባ ዕቃ ማኅተም ካለው ያልፋል፤ ከሌለው ይወረሳል። ባክቴሪያም ኬላ አለው፤ የሚጠብቀው ግን ፌጅ የሚባሉትን ቫይረሶች ነው። ፌጅ ባክቴሪያው ላይ ይጣበቅና ዲኤንኤውን ወደ ውስጥ ይሰዳል።

[ምስል፦ ሁለት የዲኤንኤ ገመዶች፤ ስድስት ፊደላት ይቀላሉ]

ኢ ኮላይ ከተባለው ባክቴሪያ የተገኘውን ኢኮ አር ዋን የተባለ ቆራጭ ኢንዛይም እንይ። በዲኤንኤው ላይ እየተንሸራተተ የሚፈልገው ጂ-ኤ-ኤ-ቲ-ቲ-ሲ የሚለውን የስድስት የዲኤንኤ ፊደላት ጽሑፍ ብቻ ነው። ትይዩውን ገመድ ከወዲያ ጫፍ ብታነቡትም ያው ነው። ኢንዛይሙም መንታ ስለሆነ እያንዳንዱ ግማሽ አንድ ገመድ ይይዛል፤ ማግኒዚየም ካገኘ ሁለቱንም ከጂ ቀጥሎ ይበጥሳል። 48,502 ጥንድ ፊደላት ያሉት ላምዳ ፌጅ እንዲህ ዓይነት 5 ቦታ አለው። አንዱ ብቻ ቢቆረጥ እንኳ አለቀለት።

ያው ጽሑፍ በባክቴሪያው በራሱ ዲኤንኤ ላይም በየቦታው አለ። ስለዚህ ሌላ ኢንዛይም ቀድሞ በሁለተኛዋ ኤ ላይ ሜቲል ይለጥፋል፤ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን፣ በቃ። ቆራጩ ማኅተሙን እንደ ፈታሽ አያነበውም፤ ሜቲሏ ቦታውን ስለያዘችበት አይገጥምለትም። ዲኤንኤው ሲባዛ አዲሱ ገመድ ባዶ ሆኖ ይወጣል፤ እስኪለጠፍበት ድረስ የአሮጌው ገመድ ሜቲል ይጠብቀዋል።

[ምስል፦ ብዙ የተቆራረጡ ፌጆች፣ አንድ ያመለጠ]

አቦ፣ ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው! ለጣፊው ኢንዛይም የራሱን ከባዕድ አይለይም። ከብዙ ሺህ ፌጆች አንዱ ሳይቆረጥ ሜቲል ከተለጠፈለት ልጆቹ ሁሉ ማኅተም ይዘው ይወለዳሉ፤ ጎረቤት ያሉትን ባክቴሪያዎች እንደ ልብ ይገቡባቸዋል። ለጣፊ በሌለው ባክቴሪያ ውስጥ አንዴ ከተራቡ ደግሞ ማኅተሙ ይጠፋል፤ ቀድሞ የለመዱት በር ይዘጋባቸዋል።

ሉሪያና በርታኒ የተባሉት ሳይንቲስቶች ይህን ጠባይ ያዩት እ.ኤ.አ. በ1952 እና 1953 ነው። በአንድ ዙር መራባት መጥቶ በአንድ ዙር ስለሚሄድ ሚውቴሽን (የዲኤንኤ ፊደላት ለውጥ) ሊሆን አይችልም ነበር። ምክንያቱ ዲኤንኤው ላይ ያለ ምልክት መሆኑን ቬርነር አርበር በ1960ዎቹ አሳየ፤ ሃሚልተን ስሚዝ በ1970 የተወሰነ ቦታ የሚቆርጥ ኢንዛይም ለየ፤ ዳንኤል ናታንስ በዚያው መቀስ የቫይረስ ዲኤንኤ ቆራርጦ ካርታ ሠራ። የ1978ቱን ኖቤል ሦስቱ ተካፈሉት።