ስም ይጠራል፣ ጥምረት ያቆያል

የተከበራችሁ ደራሲያን፣ አዘጋጆች፣ ፕሮዲዩሰሮችና ተዋንያን፤

ቴሌኖቬላ፣ ማለትም የላቲን አሜሪካው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ፣ ብዙውን ጊዜ ከ120 እስከ 200 ክፍል ይዘልቃል። ሜክሲኮ ውስጥ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ብራዚል ውስጥ ቅዳሜም ተጨምሮ ይተላለፋል። ተመልካቹ ለወራት በየምሽቱ አንድ ፊት ያያል ማለት ነው። ያንን ፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንመርጠው በስሙ ነው። ዛሬ የምንሟገተው ይህን ልማድ ነው።

ስም የሚሠራው ሥራ አለ። ታዋቂ ተዋናይ የመጀመሪያውን ሳምንት ተመልካች ይዞ ይመጣል፤ ቀሪውን መቶ ክፍል ግን ስም አይሸከመውም። እ.ኤ.አ. በ1979 የተሠራው የሜክሲኮ «ሀብታሞችም ያለቅሳሉ» ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ሩሲያ ሲደርስ፣ ብዙው ተመልካች ቬሮኒካ ካስትሮ የምትባል ተዋናይ መኖሯን አያውቅም ነበር። ንግግሯንም የተከታተለው በሩሲያኛ ድምፅ ነው። እንዲያም ሆኖ በ1992 ሞስኮ ስትገባ ሕዝብ አጥለቅልቆ ተቀበላት። የብራዚሏ ሉሴሊያ ሳንቶስም በ1976 በተሠራው «ባሪያዪቱ ኢዛውራ» ቻይና ውስጥ ተወዳ፣ በ1985 የአገሪቱን የቴሌቪዥን ሽልማት «የወርቅ ንስር»ን አግኝታለች።

ስሙም የራስ ድምፅም ሲቀር የሚተርፈው ዓይን ነው፤ በተለይም ሌላው ሲናገር የሚያዳምጥ ዓይን። እኛ ግን በኦዲሽን ተዋናዩን እናናግረዋለን እንጂ አናስደምጠውም። ቃል የሌለው ትዕይንት ስጡት። ካሜራውን ፊቱ ላይ አቅርባችሁ ሌላው ሁለት ደቂቃ ያንብብለት። ዓይኑ ተራውን የሚጠብቅ ከሆነ፣ ያ ጉድለት በ30ኛው ክፍል ለሁሉም ይታያል።

ቀጥሎ ጥንዱን፣ ማለትም የሁለቱን መሪ ተዋንያን ጥምረት ፈትኑ። ሦስት ሴትና ሦስት ወንድ እጩ ካስቀራችሁ ዘጠኝ ጥንድ ይወጣል። እያንዳንዱ ጥንድ ሦስት አጫጭር ትዕይንት ይሥራ፤ የመጀመሪያ ትውውቅ፣ ጠብ፣ ከጠቡ በኋላ ያለ ዝምታ። 27 ቀረጻ ነው፤ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል፣ ግን ይገባዋል። ብርሃኑና ሌንሱ ለሁሉም አንድ ይሁን። ከዚያ ድምፁን ዘግታችሁ እዩ። ድርሰቱን ላላነበበ ሰው አሳዩና «ወደድካቸው ወይ?» ሳይሆን «እነዚህ ሁለቱ ምንና ምን ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚያሳስተን የጠቡ ትዕይንት ነው። ጩኸት ለማንም ይቀላል፤ የሚለየው ዝምታው ነው።

በቀረጻ ወቅት ይህን ጥምረት ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ በሜክሲኮ ስቱዲዮዎች ለረጅም ጊዜ የተለመደው የጆሮ ማዳመጫ ነው። ቃሉን ከጀርባ ያለ ሰው ያንሾካሹካል፣ ተዋናዩ ይደግማል። በቀን ከ20 ትዕይንት በላይ መቅረጽ ያስችላል፤ ይህን ጥቅሙን ልንንቅ አይገባም። ችግሩ ተዋናዩ የሚያዳምጠው ማዳመጫውን እንጂ አጋሩን አለመሆኑ ነው፤ ምላሹ በግማሽ ትንፋሽ ይዘገያል። ተመልካች ምክንያቱን አያውቅም፤ «ቀዝቅዘዋል» ብሎ ጣቢያ ይቀይራል። ማዳመጫውን መረጃ ለሚቀባበሉ ትዕይንቶች ተዉት። የፍቅሩንና የመለያየቱን ቃል ግን ሁለቱ በቃላቸው ይያዙ።

መሪ ተዋናይ ቢሄድስ? ከባሕላዊው ቴሌኖቬላ የተለየ፣ በምዕራፍ የተከፈለ ቢሆንም «የሰማያት ጌታ» የተባለው የስፓኒሽ ቋንቋ ድራማ ጥሩ ማሳያ ነው። በ2013 ሲጀመር መሪው ራፋኤል አማያ ነበር። 7ኛው ምዕራፍ በ2019 ያለ እሱ ተላለፈ፤ በቀጣዩ ዓመት ድራማው እንደማይቀጥል ተነገረ። በ2023 በ8ኛው ምዕራፍ ሲመለስ ይዞ የተመለሰው እሱኑ ነው። ድራማ የሚቆምበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም፤ መመለሻው ግን ያው ፊት መሆኑን ልብ በሉ።

ስለዚህ ቢያንስ 20 ክፍል አስቀድማችሁ ቅረጹ፤ ውሉም እስከ መጨረሻው የቀረጻ ቀን ይጽና። ተዋናዩ የግድ ከተለየ ሌላ ሰው በዚያው ስም ከማምጣት ገጸ ባሕርዩን በድርሰቱ ውስጥ ሸኙት። ሽኝቱን አታጣድፉት። አጋሩ ለብዙ ክፍል ታልቅስ፤ ተመልካቹም አብሯት ሐዘን ላይ ነውና። ከሽኝቱ በኋላ በሦስተኛው ክፍል አዲስ ፍቅረኛ ከገባላት ተመልካቹ በእሷ ይቀየማል፤ ያን ቅያሜ ደግሞ ቀሪው ድርሰት አይሽረውም።