መብራቷ በርታለች ማለት ውሃ ገብቷል ማለት አይደለም

እንደምን ዋላችሁ። ከቡሬም ከደጀንም ተነስታችሁ ደብረ ማርቆስ ድረስ የመጣችሁ ወላጆች፣ ለልጆቻችሁ ምረቃ እንኳን ደስ አላችሁ። ስለ ሥራ ፈጠራ ተናገር ነበር የተባልኩት፣ እሱን መጨረሻ ላይ እነካዋለሁ፣ እኔ የመጣሁት ግን ስለ አንድ የቢቸና ልጅ ለመናገር ነው።

ቦይለር ማለት ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣ ማሽን ነው፣ እሱ ላይ ስሠራ ልጁ ረዳቴ ነበር። አንድ ሌሊት ውሃ ወደ ቦይለሩ የሚገፋው ፓምፕ አረንጓዴ መብራቱ በርቷል፣ የውሃውን ልክ የሚያሳየው መስታወትም ግማሽ ያሳያል፣ እኔ በቃ ሰላም ነው ብዬ መዝገብ እሞላለሁ። መጣና "ጋሼ፣ ውሃው እኮ አይወዛወዝም" አለኝ። ቦይለር እየሠራ ውሃው መስታወቱ ውስጥ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ያን ለታ ግን ቀጥ ብሏል። "ተወው፣ መብራቱ በርቶ የለ እንዴ" አልኩት። ቆይቶ ደግሞ "የፓምፑ ድምፅ ቀሎብኛል" አለ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። የተቃጠለ ሽታ ሲመጣ እሳቱን አጠፋን፣ ቱቦዎቹ ግን ተጣመው ነበር። ለካ ሞተሩን ከፓምፑ የሚያገናኘው ኩፕሊንግ ተበጥሶ ሞተሩ ብቻውን ይዞራል፣ የመስታወቱም ቀዳዳ በዝቃጭ ተደፍኗል። መብራቱ የሚለው ሞተሩ ኤሌክትሪክ አግኝቷል ነው፣ ውሃ ገብቷል ብሎ ያነበብኩት እኔ ነኝ።

ሪፖርቱ ላይ "የኦፕሬተር ግድየለሽነት" ተባለና እኔ ቋሚ ስለሆንኩ ከደሞዜ ተቆረጠ፣ ልጁ ጊዜያዊ ስለነበር ተባረረ። ያየውን ልጅ ነው እኮ ያባረሩት! ያላየሁት እኔ ቀረሁ! ዛሬም አንጀቴን ይበላኛል።

ደግሞ የኛ ብቻ አይምሰላችሁ። አሜሪካ ፔንሲልቬንያ፣ ስሪ ማይል አይላንድ የሚባል የኒውክሌር ጣቢያ፣ መጋቢት 19 ቀን 1971 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ አንድ ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ፣ ማቀዝቀዣው ውሃ በሱ በኩል ይወጣል። ፓነሉ ላይ ያለው መብራት ግን ጠፋ፣ መብራቱ የሚያሳየው ዝጋ የሚለው ትዕዛዝ መሄዱን እንጂ ቫልቩ መዘጋቱን አልነበረም። ሠራተኞቹ ሲሠለጥኑ ከሁሉ በላይ ፍሩ የተባሉት ውሃ ሞልቶ እንዳይተርፍ ነው፣ የውሃ ልክ ማሳያው ጌጅም ሞልቷል ስላለ የድንገተኛ ማቀዝቀዣውን ውሃ ቀነሱት፣ ነዳጁ ያለበት የሬአክተሩ ማህል እየደረቀ! ከ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ቫልቩ ክፍት መሆኑን ማን ደረሰበት? ከሌላ ሺፍት የገባ ሰው። እስከዚያ የሬአክተሩ ማህል ግማሽ ያህሉ የሚቀልጥበት ጉዳት ጀምሯል።

ፊት ወንበር ላይ ያላችሁ ኃላፊዎች፣ ነገ እነዚህን ልጆች ስትቀጥሩ "ጋሼ፣ ልክ አይመስለኝም" የሚላችሁን ልጅ አትግፉት! እናንተም ልጆች ሁለቴ ተናግራችሁ ካልሰማናችሁ ሦስተኛ ጩሁ።

ስለ ሥራ ፈጠራው፣ ተደራጅታችሁ ብየዳም ጥገናም ጀምሩ፣ መሣሪያ በጋራ መግዛት ይቀላል። ያንን የቢቸና ልጅ የምታውቁት ካላችሁ ግን ከዚህ ስወርድ ንገሩኝ፣ ይቅርታ ሳልጠይቀው ነው የሄደው። አመሰግናለሁ።