የጨው ኩሬ ቀይ የሚሆነው ለምንድን ነው?

(ምስል፦ ከአውሮፕላን መስኮት የሚታዩ ባለ ቀለም ኩሬዎች)

ሳን ፍራንሲስኮ ልታርፉ ስትሉ የመስኮት ወንበር ከደረሳችሁ፣ ወደ ታች እዩ። ከባሕረ ሰላጤው ዳር ኩሬዎች ተደርድረዋል። አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ብርቱካናማ፣ አንዱ የቀይ ሥር ጭማቂ የመሰለ። ፋብሪካ የደፋው ቆሻሻ እንዳይመስላችሁ! የጨው ማምረቻ ናቸው። ቀለሙ በዓይን ከማይታዩ ነዋሪዎቻቸው የመጣ ነው።

የባሕር ውሃ ወደ ኩሬው ይገባል፣ ፀሐይና ንፋስ ያተኑታል። ባሕር ላይ 3.5 በመቶ ገደማ የነበረው ጨው፣ ከኩሬ ኩሬ እየተሻገረ መጨረሻ ላይ 25 በመቶ ያልፋል። ነዋሪውም አብሮ ይቀየራል።

(ምስል፦ በማይክሮስኮፕ የታየ አልጌ)

ዱናሊዬላ የሚባለው አልጌ በተፈጥሮው አረንጓዴ ነው። ጨውና ፀሐይ ሲበረታበት ግን ቤታ ካሮቲን ያመርታል። ካሮትን ያቀለመው ራሱ ነገር ነው። ለአልጌው እንደ ጃንጥላ ያገለግለዋል።

ጨው ሊረጋ ሲቃረብ ደግሞ ተራው የቀዮቹ አርኬያዎች ነው። ባክቴሪያ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም፤ ራሱን የቻለ ሌላ የደቃቅ ተሕዋስያን ወገን ናቸው።

ቆይ፣ ቋንጣ ላይ ጨው የምንነሰንሰው ተሕዋስያንን እንዲከላከልልን አይደል? ነው። ጨው ውሃቸውን መጥጦ ያደርቃቸዋል። እነዚህ ግን ሰውነታቸውን በፖታሺየም ጨው ሞልተው ከውጪው ጋር ይመጣጠናሉ። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ብትከቷቸው ይፈነዳሉ! እንዲያውም በደንብ ባልጸዳ የባሕር ጨው የታሸ ዓሣ አንዳንዴ ቀልቶ የሚበላሸው በእነሱ ነው።

ከመካከላቸው እኔን የሚያስቀኝ አራት ማዕዘኑ ነው። አንቶኒ ዋልስቢ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ከሲና በረሃ ጨዋማ ኩሬ አግኝቶ በ1980 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ነው። ስስና ጠፍጣፋ፣ ቁርጥ ቴምብር!

ጨው አምራቾች መቅላቱን ይወዱታል። ቀይ ውሃ የፀሐይ ሙቀት በደንብ ስለሚስብ ቶሎ ይተናል። የረጋው ጨው ታጥቦ ነጭ ይሆናል።

(ምስል፦ ዳሎል)

«የዳሎልም ቀለም እንዲሁ ነው?» የምትሉ አትጠፉም። እዚያ ቢጫውና አረንጓዴው በዋናነት የብረትና የሰልፈር ሥራ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት፣ እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት የዳሎል ኩሬዎች ሕይወት አላገኘም። አሞሌ በሚቆረጥበት አካባቢ ባለው በአሳሌ ሐይቅ ግን አርኬያዎቹ ሞልተዋል።