ምን ወለደች ከማለታችሁ በፊት

የተከበራችሁ የቀበሌያችን ሽማግሌዎች፣ የእድሩ ዳኛና አባላት፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

ጥር የጤናማ እናትነት ወር ስለሆነ ስለ እርግዝና ክትትል እንድናገር ነው የተጠራሁት። እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ከወንዶቹ ጋር የምንነጋገረው አለን።

ወንድ ሲወለድ ሰባት፣ ሴት ስትወለድ ሦስት እልልታ እንደሚባል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ባል ደጅ ቆሞ ይቆጥራል። ሦስት ላይ ሲቆምበት ፊቱ ይጠቁራል፤ ሰባት ከሞላ ጠላው ይቀዳል፣ ምርቃቱ ይወርዳል። ውስጥ ግን ገና አላለቀም! እንግዴ ልጁ አልወጣ ይሆናል፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈው አደጋ ነው። ቢወጣም ማህፀኗ እንደ ጡጫ ካልጠነከረ ደሙ አይቆምም። ግማሽ ሊትር ከደረሰ በዝቷል፤ ካልተገታ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድላት ይችላል። ሁለት ሰዓት እኮ ጠላው እንኳ አያልቅም! «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የተባለችው ሴት ገና አልተማረችም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ100 ሺህ በሕይወት በተወለዱ ሕፃናት 412 እናቶች ይሞታሉ ብሎ ነበር።

ጤና ጣቢያ ትውለድ የምንለው ለዚህ ነው። ልጁ እንደወጣ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ ማህፀኗን አኮማትሮ ደሙን የሚገታው መድኃኒት፣ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን፣ ጭኗ ላይ ትወጋለች። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል፤ በኪስ ይዘነው ቤታችሁ የምንመጣው አይደለም።

አራት ሴት የወለደችውንስ? «አምስተኛው ወንድ ነው» ይባልና ጡት ሳታስጥል ታረግዛለች። ከወለደች በኋላ እንደገና እስክታረግዝ ቢያንስ 24 ወር ማለፍ ነበረበት። ደሟ አልተካም። ደጋግሞ የወለደ ማህፀን ደግሞ ጡንቻው ይዝላል፣ ከወሊድ በኋላ አልኮማተርም ይላል። ወንድ ፍለጋው የሚያደርሳት እዚያ ነው።

ለመሆኑ ጾታውን የሚወስነው ማን ነው? ጾታን የሚለዩት ኤክስና ዋይ የሚባሉ ክሮሞዞሞች ናቸው፤ የእሷ እንቁላል የሚይዘው ኤክስ ብቻ ነው። ኤክስም ዋይም የሚያመጣው የእናንተ ዘር ነው፤ ዋይ ከደረሰ ወንድ፣ ኤክስ ከደረሰ ሴት። በየእርግዝናው ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ገደማ ነው፤ አራት ሴቶች ስለቀደሙት አምስተኛው ወንድ የመሆን ዕዳ የለበትም። እንግዲህ «ሴት ብቻ ትወልዳለች» ብሎ ሚስቱን የሚፈታ፣ በላይዋ ሌላ የሚያስቀምጥ ሰው በገዛ ዘሩ እሷን እየቀጣ ነው! ሴቶቹ እንደምታጨበጭቡ አውቃለሁ፤ እኔ የምጠብቀው የወንዶቹን ነው።

«መሬቴን ማን ያርሳል?» ትላላችሁ። መሬት ለእኩል አራሽ ተሰጥቶም ይታረሳል። ሴት ልጅም በሕግ ትወርሳለች።

ክትትሉን ባጭሩ፦ እርግዝናው እንደታወቀ፣ 12 ሳምንት ሳያልፍ ትምጣ፤ በጠቅላላው 8 ጊዜ ትታይ። ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ካለ የደም ግፊት ሊሆን ይችላልና ነገ አትበሉ። ደም ካየች በየትኛውም ወር ወዲያው። መንገዱ የሚርቅባችሁ ከቀኗ ሁለት ሳምንት ቀድማ ወሊድ ማቆያ ትግባ።

ለእድሩ አንድ ጥያቄ አለኝ። ቃሬዛው ለቀብር ብቻ አይውጣ፤ ምጥ የያዛትንም ጤና ጣቢያ ያድርስ። ዳኛው፣ ዛሬ ሳንበተን አራት አራት ሆነው የሚፈራረቁ ስምንት ተሸካሚዎች ያስመዝግቡልን፤ ስልካቸውም በየጎጡ ይታወቅ።