ርካሹ ላፕቶፕና የደንገጎ ዳገት

ሰላም ሰላም! የድሬ ልጆች፣ የሐረር ልጆች፣ ድሬን በሙቀቷ ብቻ የምታውቋትም ጭምር፣ እንደምን ናችሁ? ዛሬ ቬንትሌተሩን አጥፍቼ ነው የምቀዳው። ባለፈው «ሄሊኮፕተር ውስጥ ሆነህ ነው እንዴ የምታወራው?» ብላችሁኛል። እሺ፣ ጠፍቷል። ላብ በላብ ስሆን ግን እንዳትስቁ።

የዛሬው ጉዳይ የመጣው ከአንዲት የሐረር እህታችን ነው። እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ላፕቶፕ የምፈልገው ለኢንተርኔትና ለመጻፍ ነው። ሌላ ሥራ የለኝም። ሻጩ ግን ‹ኮር አይ ሰቨን ፕሮሰሰር ያለውን ካልያዝሽ ትጸጸቻለሽ› እያለ ዋጋውን እጥፍ አደረሰው። ልግዛው?»

አትግዢው። ቪዲዮው አለቀ፣ ቻው።

ቀልዴን ነው፣ ተመለሱ። ዛሬ ስለ ርካሽና ቀላል ላፕቶፕ ነው የምናወራው፤ በተለይ ክሮምቡክ ስለሚባለው። ቀላል ስል ሚዛን ላይ ነው፣ አንድ ኪሎ ምናምን። ኢሜይል የምታዩበት፣ ቴሌግራም የምትከፍቱበት፣ ሲቪና አሳይመንት የምትጽፉበት። ግጥም የምትጽፉም አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን ላፕቶፑን እናስቀምጠውና ስለ ባቡር እናውራ። አዎ፣ ስለ ባቡር። የድሬ ልጅ ነኝ፣ ከባቡር ውጪ ምሳሌ አልችልም። ስለ ዋይፋይ ሳወራም ባቡር አምጥቼ ነበር። ቻሉኝ።

ድሬዳዋ ለምን እዚህ ሜዳ ላይ እንደተቆረቆረች ታውቃላችሁ? ባቡሩ ከጅቡቲ ሲነሣ ሐሳቡ ሐረር መግባት ነበር። የንግዱ እምብርት ሐረር ናታ! ግን ሐረር ያለችው ላይ ነው፣ 1,900 ሜትር አካባቢ። እኛ ያለነው ታች፣ 1,200 አካባቢ። መሃል ላይ ደንገጎ ተገትሯል። ደንገጎን በሚኒባስ የወጣ ያውቀዋል። ጆሮ ይደፈናል፣ ሞተሩ ያቃስታል፣ አጠገባችሁ የተቀመጡት እናት ጸሎት ይጀምራሉ። እንግዲህ በዚያ ዳገት ላይ ሐዲድ መዘርጋትን አስቡት። ወጪው አይቀመስም። ስለዚህ ባቡሩ ዳገቱን ተወው። በ1895 ዓ.ም. ሜዳው ላይ ደርሶ ቆመ። ጣቢያ ተሠራ፣ በጣቢያው ዙሪያ ከተማ በቀለ። መጀመሪያ ስሟ ራሱ «አዲስ ሐረር» ነበር። አቦ፣ ከተማችንን የወለዳት እኮ «ይህን ዳገት አልወጣም» ያለ ባቡር ነው!

ቆይ፣ አልጨረስኩም። ያ ሐዲድ ጠባብ ነበር። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ። የአሁኑ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ተኩል ነው። ጠባብ ሐዲድ ማለት ትንሽ ባቡር፣ ትንሽ ድልድይ፣ ትንሽ ወጪ። ፍጥነቱም በዚያው ልክ። ግን ቡናውን አወረደ፣ ጨርቁን አመጣ፣ ሙሽራውንም ነጋዴውንም ተማሪውንም ጫነ። ስንት ዓመት? ከመቶ ዓመት በላይ!

ክሮምቡክ ይኸው ነው። ጠባብ ሐዲድ። ሜዳው ላይ ያለ ችግር ይሄዳል፤ ደንገጎን ግን አይወጣም። ደንገጎው ምንድን ነው? የሒሳብ ሠራተኞች፣ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም። መሐንዲሶች፣ የንድፍ ፕሮግራሙ አውቶካድ። ከባድ ቪዲዮ የምታቀናብሩ፣ የዊንዶውስ ጌም የምትጫወቱ። ለእናንተ ይህ ቪዲዮ አይሆንም፣ ላይክ አድርጋችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ላይኩን አትርሱ ግን።

አሁን ቴክኒኩን በሩጫ። ራም ማሽኑ እየሠራ ሳለ ሥራውን የሚይዝበት ጊዜያዊ ማስታወሻ ነው፣ ስቶሬጅ ደግሞ ፋይል የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት፤ ለዝርዝሩ የፊተኛውን ቪዲዮ እዩ፣ እግረ መንገዳችሁንም ሰብስክራይብ። ክሮምቡክ ገበያ ላይ የወጣው በፈረንጅ 2011 ነው። የሚሠራው በዊንዶውስ ፋንታ ክሮም ኦኤስ በሚባለው የጎግል ሲስተም ነው፣ መሠረቱ ሊኑክስ የሚባለው ሲስተም። ሥራው ባብዛኛው ብሮውዘር፣ ማለትም ኢንተርኔት መክፈቻው ላይ ስለሆነ ደካማ ፕሮሰሰር፣ ማለትም ደካማ አንጎል ይበቃዋል። ራም 4 ጊጋ ያስኬዳል፣ 8 ከተገኘ እሰየው። በብዙዎቹ ላይ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፣ በኋላ እጨምራለሁ ማለት የለም። ስቶሬጁ በርካሾቹ ላይ 32 ወይም 64 ጊጋ ነው፣ ኢኤምኤምሲ የሚባለው ርካሽ ዓይነት፤ ሻል ባሉ ላፕቶፖች ላይ ካለው ኤስኤስዲ ይዘገያል፣ እሱም የተበየደ ነው። ብዙዎቹ ማቀዝቀዣ ፋን የላቸውም። ባትሪው ደህና ከሆነ 10 ሰዓት አካባቢ ይሄዳል። ከምሳ በኋላ ብትከፍቱት የሰፈሩ ምርቃና ሁሉ ወርዶ እሱ ገና ነው። ጨረስኩ።

«ለምን ርካሽ ዊንዶውስ አልገዛም?» ትሉኛላችሁ። ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ዝቅተኛው 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ስቶሬጅ ነው። ዝቅተኛው! ልክ 4 እና 64 የሆነ አዲስ ላፕቶፕ ማለት ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ትንፋሽ ያጠረው ነው። ያ «ኮር አይ ሰቨን»ስ? እህቴ፣ ትውልዱን ጠይቂው፣ ስንተኛው ዙር ምርት እንደሆነ ማለት ነው። አይ ሰቨን የሚባል የኢንቴል ፕሮሰሰር ስም ከፈረንጅ 2008 ጀምሮ አለ። የሰውን ስም እንጂ ዕድሜውን አልነገረሽም። ከኢንቴል በኩል ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ባብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በፈረንጅ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ሻጩ 3ኛ ትውልድ ይዞ «አይ ሰቨን» ካለሽ ለሽማግሌ ሊድርሽ ነው።

አሁን ወደ ኮሜንታችሁ። ክሮምቡክ ባነሣሁ ቁጥር አንድ ሰው አይጠፋም። «ያለ ኢንተርኔት እንጨት ነው።» ሌላው ይቀጥላል፣ «ኔት ሲጠፋ ረከቦት ነው፣ ሲኒ ደርድርበት።» አርባ ምናምን ሰው ላይክ አድርጎለታል! እኔ እንኳን አርባ ላይክ የማገኘው ስለምኜ ነው።

እሺ፣ ረከቦቱን እንየው። ወሬው ከሜዳ አልመጣም። በፈረንጅ 2011 በወጡት የመጀመሪያዎቹ ክሮምቡኮች ላይ በጣም እውነት ነበር። ያኔ ጎግል ዶክስ ላይ ያለ ኔት መጻፍ አይቻልም ነበር። ያ የተስተካከለው በፈረንጅ 2012 ነው። ወሬው ግን እስከ ዛሬ አፕዴት አልተደረገም።

ባለፈው ሳምንት ሞከርኩት። ዋይፋዩን ዘጋሁ፣ ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀመጥኩ። ከዚያ ይህን የምታዳምጡትን ጽሑፍ ጻፍኩ። ተጻፈ። ቆየት ብዬ ኔቱን ስከፍተው ራሱ ወደ ላይ ጫነው። ሲኒ አልደረደርኩበትም።

ግን ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ኔት ከጠፋ በኋላ ማዘጋጀት የለም! ኔት እያለ ጎግል ድራይቭ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ኦፍላይን የሚለውን ቲክ ታደርጋላችሁ። የምትፈልጉትን ጽሑፍ ደግሞ ለይታችሁ ያለ ኔት እንዲከፈት ታደርጋላችሁ። ውኃ በጀሪካን እንደመቅዳት ነው። ቧንቧው ከተዘጋ በኋላ ጀሪካን ይዞ የሚሮጥ ሰው... እኛ ሰፈር ብዙ ነን፣ አልስቅም። ፒዲኤፍም ማሽኑ ላይ ዳውንሎድ ካደረጋችሁ ያለ ኔት ይነበባል። መጀመሪያ ስትከፍቱትና አካውንታችሁን ስታስገቡ ግን ኔት የግድ ነው። የስልክ ሆትስፖት ይበቃል። ሰፈሩ መብራት ሲሄድ ራውተሩም አብሮ ይሄዳል፤ ላፕቶፑ በባትሪው፣ ስልኩ በባትሪው፣ ሥራ ይቀጥላል።

ሁለተኛው ረከቦት ደግሞ ይኸውላችሁ። «32 ጊጋ ምን ይሠራል? ስልኬ 128 ነው፣ ሁለት አሳይመንት ብጽፍበት ይሞላል።» ወንድሜ፣ ና ሒሳብ እንሥራ። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የኮምፒውተር ጽሑፍ አቀማመጥ ሦስት ባይት ይይዛል። የእንግሊዝኛው አንድ ነው። አዎ፣ ፊደላችን ትበላለች። አሁን 300 ገጽ መጽሐፍ ጻፍክ እንበል፣ በገጽ 1,500 ፊደል። 450,000 ፊደል ሆነ። በሦስት አባዛው። 1.35 ሜጋባይት። ሜጋ ነው ያልኩት፣ የጊጋ አንድ ሺኛ! ሲስተሙ የሚይዘውን ይዞ 10 ጊጋ ብቻ ተረፈህ ብንል፣ እንደዚያ ያሉ ከ7,000 በላይ መጻሕፍት ይገባሉ። መጀመሪያ አንዱን ጻፍና እናነጋግርሃለን። ቦታ የሚበላው ቪዲዮ ነው። የሠርግ ቪዲዮ ከሆነ ፍላሽ ግዛ። ለተቀረው 15 ጊጋ ጎግል በነፃ ይሰጥሃል፤ እሱም ከጂሜይልህና ከፎቶህ ጋር የሚጋራ ነው፣ ሁሉንም ለጽሑፍ አገኘሁ እንዳትል።

ስለ መጻፍ ካነሣን አይቀር፣ አማርኛ። ኪቦርዱ ላይ የግዕዝ ፊደል ታትሞ አትጠብቁ። ሴቲንግ ውስጥ ቋንቋና ኪቦርድ ያለበት ገብታችሁ አማርኛ መጻፊያ ትጨምራላችሁ። ከዚያ ኮንትሮልና ስፔስ አንድ ላይ ስትጫኑ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይገለበጣል። በቃ።

ችግሩ የቢሮ ሰዎች ጋ ነው። ፓወር ግዕዝ የሚባለው የአማርኛ መጻፊያ የዊንዶውስ ነው፣ እዚህ አይገባም። ከዚያ የባሰው ደግሞ በድሮ ፎንት የተጻፉት ፋይሎች ናቸው። ደብዳቤውን ስትከፍቱት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተዘበራርቆ ይመጣል፤ የጠንቋይ ክታብ ነው የሚመስለው። ለምን? ግዕዝ ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ መዝገብ ውስጥ የገባው በፈረንጅ 1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ወስደው የ«ሀ»ን ስዕል ለጠፉበት። ፎንቱ ሲነሣ ስዕሉ ወደቀ። ብዙ ቢሮ ዛሬም ያንኑ ነው የሚጠቀመው፣ ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቅ። የእናንተ ሥራ እንዲህ ባሉ ፋይሎች የተሞላ ከሆነ ደንገጎ ላይ ናችሁ ማለት ነው። ከዜሮ ለሚጽፍ ግን ይህ ጣጣ የለበትም።

አሁን ደግሞ ኀፍረቴን ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ክሮምቡኬን ያገለገለ ነው የገዛሁት። የት እንደሆነ አልናገርም፣ ሰውየውን መንገድ ላይ አገኘዋለሁ። ንጹሕ ነው፣ ጭረት የለውም፣ ዋጋው ያሳብዳል። ተጣድፌ ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ሙሉ በሙሉ አጸዳሁትና እንደ አዲስ ስከፍተው አንድ የውጭ አገር ትምህርት ቤት ስም ይዞ ብቅ አለ። «የትምህርት ቤቱን አካውንት አስገባ» ይለኛል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሰባተኛ ክፍል ልመዘገብ ነው? ነገሩ እንዲህ ነው። ውጭ አገር ትምህርት ቤቶች ማሽኖቻቸውን ስማቸው ላይ ያስመዘግባሉ። ሲያስወግዱ ከመዝገቡ ካላወጡት ማሽኑ የእነሱ እንደሆነ ይቀራል። መቶ ጊዜ ብታጸዱት ይመለሳል። እኔም ይዤ ተመለስኩ። ሰውየው ደግሞ «በፊት አልነበረም» አለኝ። አቦ!

ስለዚህ ያገለገለ ስትገዙ ሻጩ ፊት አጽዱት። ሙሉ በሙሉ። በስልካችሁ ሆትስፖት አገናኙት፣ በራሳችሁ ጂሜይል ግቡ። «በኋላ ይሆናል» ካላችሁ ኪሳችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ገብታችሁ ስታበቁ ደግሞ ወዲያው ሴቲንግ ውስጥ ስለ ክሮም ኦኤስ የሚለውን ክፈቱ። ዝርዝሩ ላይ አፕዴት መቼ እንደሚያበቃ ወርና ዓመቱ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ከወተት ካርቶን ላይ ካለው ቀን አይለይም። ከፈረንጅ 2021 ጀምሮ የወጡ ሞዴሎች 10 ዓመት አፕዴት ያገኛሉ። አቆጣጠሩ ግን ሞዴሉ የተሠራበት የውስጥ ሃርድዌር መጀመሪያ ከወጣበት ነው፣ እናንተ ከገዛችሁበት አይደለም። ቀኑ ካለፈ ማሽኑ ይበራል፣ ይሠራል፤ የደህንነት መጠገኛው ግን ይቆማል። በባንክ አካውንታችሁ ልትገቡበት ከሆነ አስቡበት።

የድሬ ሙቀትን ረስቼው ነበር። ፋን የሌለው መሆኑ ለእኛ ጥሩም መጥፎም ነው። ጥሩው፣ አቧራችንን አይምግም። መጥፎው፣ ሲግል ራሱን ለማዳን ይንቀረፈፋል። ግንቦትና ሰኔ ላይ በቀትር «ማሽኑ ተበላሸ» ብላችሁ እንዳትደውሉልኝ፤ እናንተም በዚያ ሰዓት ትንቀረፈፋላችሁ። አልጋና ፍራሽ ላይ አታስቀምጡት፣ ጠረጴዛ ላይ ይሁን። ባትሪ ሙቀት አይወድም፣ ቻርጅ ማድረጉን ለማታ አቆዩት። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ጥሎ መውረድ ደግሞ፣ ተዉት።

የሐረሯ እህቴ፣ ክሮምቡክ ልታዪ ሻጩ ጋ ስትመለሺ ሁለት ፎቶ አንሺ። አንዱ ራሙ የተጻፈበት፣ አንዱ አፕዴቱ የሚያበቃበት ቀን። በቴሌግራም ገጻችን ላኪልኝ። ሌሎቻችሁም እንደዚያው። «ልግዛው?» ብቻ ብሎ የማሽኑን ጀርባ ፎቶ የሚልክ አለ፣ ክዳኑን አይቼ ምን ልበለው? ቀኑን ላኩ፣ ቀኑን። አሁን ቬንትሌተሩን ልክፈት፣ ቻው።