ለበዓል አገር ቤት ሲገባ የሚነሱ የቤት ጥያቄዎች፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ታኅሣሥ ሲጋመስ ከጎጃም የሚደወሉልን ስልኮች መልካቸው ይለወጣል። በሌላው ጊዜ ስለ ቤት ግብር እና ስለ ይዞታ ካርታ ነው የምንጠየቀው። ገና ሲቃረብ ግን አዲስ አበባ ያለውም ውጭ ያለውም አገሩ ሊገባ ይነሳል፣ እግረ መንገዱንም ቤት ሊያይ ያስባል። ተከራዩም የራሱ ጭንቀት አለው። በአየር ሰዓት ጥበት አሳጥረን ያለፍናቸውን መልሶች እዚህ ዘርዘር አድርገናቸዋል። የደዋዮቹን ስም ትተናል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ የደብረ ማርቆስ ተወላጅ)፦ ለገና ወላጆቼ ጋ እሄዳለሁ። ደላላ ማርቆስ ላይ ግቢ ያለው ቤት አግኝቶልኛል። «ሌላ ገዢ አለ፣ ከበዓሉ በፊት ቀብድ ካልጣልክ ያመልጥሃል» ይለኛል። ልስጥ?

መልስ፦ አሁን አይስጡ። እስቲ ቀኖቹን ይቁጠሯቸው። ታኅሣሥ 29 ገና ነው። ጥር 10 ከተራ፣ 11 ጥምቀት፣ በማግሥቱ ቃና ዘገሊላ። በመካከሉ ደግሞ ሠርግ በሠርግ ላይ ነው። ማዘጋጃ ቤት መዝገብ የሚያገላብጥልዎት ሠራተኛም እንደ እርስዎ ቤተሰብ አለው። ማጣራት በማይቻልበት ሰሞን «ገንዘብ አምጣ» ሲባሉ ቆም ማለት ደግ ነው። ደላላው ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። የእሱ እንጀራ ግን የሚጋገረው ውሉ ሲፈረም ነው።

ቀብድ ቀልድ አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ሰጪው ሐሳቡን ከለወጠ ቀብዱ ይቀርበታል። ተቀባዩ ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ የግድ መስጠት ካለብዎት በጽሑፍ ይሁን። «በቤቱ ላይ እዳ፣ እገዳ ወይም የባለቤትነት ክርክር ከተገኘ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል ቃል ይግባበት። ይቺ አንዲት መስመር ብዙ ሰው ከፍርድ ቤት ደጅ አድናለች።

ከበዓሉ በኋላ ካርታው በማን ስም እንደሆነ ከመዝገቡ ያረጋግጡ። ሻጩ የሚያሳይዎት ፎቶ ኮፒ አይበቃም። ባንክ በመያዣነት ይዞት እንደሆነ፣ ፍርድ ቤት አግዶት እንደሆነ ይጠይቁ። ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ፣ ማለትም ከመንግሥት በውል ለተወሰነ ዘመን የተያዘ መሬት? ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለው ቀሪ ወደ እርስዎ እንደሚዞር አይርሱ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነና ቤቱ በትዳር ውስጥ የተገኘ ከሆነ ባልም ሚስትም መፈረም አለባቸው። «እሷ ትስማማለች» የሚለው ቃል ፊርማ አይደለም። ውሉ ደግሞ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት ይሁን፤ ስሙም ይዙር። ሦስት ምስክር ቆጥሮ ቡና ላይ የተፈረመ የመንደር ውል ባለቤት አያደርግዎትም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሲያቃጥለኝ የኖረ ነገር ነውና። የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ ነው። እሱንና ግብሩን ለመቀነስ ብለው ውሉ ላይ ከእውነተኛው ዋጋ በታች የሚጽፉ አሉ። ነገ ውሉ ቢፈርስ ልትጠይቁ የምትችሉት የተጻፈውን ነው። ከጥቂት ሺህ ብር ቀረጥ ለመሸሽ የዕድሜ ልክ ጥሪት አደጋ ላይ አይጣልም።

ታዲያ በበዓሉ ምን ልሥራ ካሉ፣ ሰፈሩን ይዩ። ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ሰው ሁሉ ቤቱ ነው፣ በሩም ክፍት ነው። ጎረቤት ጋ ገብተው ጠላ ቅመሱ ሲባሉ እምቢ አይበሉ። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ድንበሩ ላይ ክርክር እንዳለ፣ የቀድሞው ባለቤት ለምን እንደሸጠ አንድ ከሰዓት ተቀምጠው ይሰማሉ።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ በበጋ ቤት ሲታይ ሁሉም ያምራል። ምን ብናይ እንድናለን?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ጥር ላይ ጣሪያ አያፈስም፣ ግድግዳ አይረጥብም። ቀና ብለው ኮርኒሱን ይዩ፤ ቡናማ ክብ ምልክት ካለ ክረምት ላይ ውኃ ገብቷል ማለት ነው። ዝቅ ብለው ደግሞ የግድግዳውን ሥር ይዩ። ከወለሉ ከፍ ብሎ ቀለሙ የተላጠ ወይም አዲስ የተቀባ ከሆነ ምክንያቱን ይጠይቁ።

ከሁሉ በላይ ግን አፈሩን። ከደጀን ወደ ቢቸና ያለው ሜዳ ጥቁር አፈር የበዛበት ነው። ለጤፍ የተባረከ ነው፣ ለቤት ግን ፈታኝ ነው። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ቤቱም አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። ስለዚህ በጋ ለዚህ ለዚህ ጥሩ ጊዜ ነው፤ ግቢው ውስጥ የመሬቱን ስንጥቅ በዓይንዎ ያያሉ። ከመስኮት ጥግ በሰያፍ የሚወርድ የግድግዳ ስንጥቅ ካዩ የመሠረቱን ታሪክ ይጠይቁ። ጥቁሩ አፈር ተጠርጎ ወጥቶ በገረጋንቲ ተሞልቶ ነው የተሠራው? ወይስ እላዩ ላይ ተቀመጠ? መልስ የሚሰጥ ከጠፋ የሠራውን ግንበኛ ፈልጉት፤ ከተማው ትንሽ ነው፣ ይገኛል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ተከራይ ነኝ። አከራዬ ልጆቹ ለጥምቀት ስለሚመጡ እስከ ገና ልቀቂ አለኝ። ውላችን በቃል ነው። መብት የለኝም?

መልስ፦ አለሽ እህቴ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥሩ 1320፣ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። ውሉ ከ2 ዓመት ላነሰ ጊዜ አይሆንም፤ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር መብለጥ የለበትም። «እንግዳ ሊመጣብኝ ነው» የሚለው ሰው ለማስወጣት በቂ ምክንያት አይደለም። አዋጁ በከተማሽ ሥራ ላይ መዋሉንና ውል የሚመዘግበው ክፍል የትኛው እንደሆነ ከክፍለ ከተማሽ ጠይቂ። ኪራይ በባንክ ስትከፍዪ ከነበረ ደረሰኞቹን ሰብስቢ፤ ተከራይነትሽን ያስረዱልሻል።

ግን ወደ ክርክር ከመሄድሽ በፊት አንድ ሐሳብ ልስጥሽ። አንቺስ ለበዓሉ ቤተሰብሽ ጋ አትሄጂም? የምትሄጂ ከሆነ ክፍሉን ለነዚያ ቀናት ልትለቂለት ትችያለሽ። የቀናቱ ኪራይ ይቀነስልሽ፣ ዕቃሽ ይቆጠር፣ የምትመለሺበት ቀን በወረቀት ይስፈር። ከአከራይ ጋር ተኳርፎ አንድ ግቢ ውስጥ ጥምቀትን ማሳለፍ ከባድ ነው። ሽማግሌ መሀል ቢገባ በአንድ ምሽት የሚያልቅ ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ። እምቢ ካለ ግን መብትሽን ያዢ።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ አዲስ የተመደብኩ መምህር ነኝ፣ ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው። ጎረቤቶቼ ለገና ቅርጫ እንድገባ ጠየቁኝ። እድርም ግባ ይሉኛል። ለኪራይ ቤት ይህ ሁሉ ያስፈልጋል?

መልስ፦ መምህር፣ ይግቡ። ጠይቀውዎት ከሆነ ሰፈሩ ተቀብሎዎታል።

ቅርጫ ላላየ እንዲህ ነው። ገንዘቡ አስቀድሞ ይዋጣል፣ በሬው ይገዛል። ኅዳር 15 የተያዘው የነቢያት ጾም ሲፈታ፣ በገና ማለዳ ይታረዳል። ሥጋው በቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ይከፈላል። ከሽንጡም ከጎድኑም ከጉበቱም ከጨጓራውም ለየመደቡ ይደርሳል። ከዚያ ሁሉም ምልክቱን ይሰጣል፦ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ የእንጨት ስባሪ። የማን ምልክት የማን እንደሆነ ያላየ ልጅ ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ባለ ሀብቱም ወዛደሩም የወጣለትን ይዞ ይሄዳል። እዚያ ጠዋት ላይ ቆመው እጅዎን ደም ካስነኩ፣ ከዚያ በኋላ በሰፈሩ «አዲሱ ተከራይ» አይባሉም። ሙስሊም ጎረቤት የራሱን ለብቻው ያርዳል፤ የቡናው ጥሪ ግን የጋራ ነው።

እድርን በተመለከተ፣ መተዳደሪያ ደንቡን ያንብቡ። መመዝገቢያው ስንት ነው? ሰፈር ቢቀይሩ ምን ይሆናል? ርቆ ለሚኖር ቤተሰብዎ ሐዘን ይደርሳል? እነዚህን ይጠይቁና ይግቡ። ከዘመድ ርቆ ለሚኖር ሰው እድር ድንኳንና ወንበር ብቻ አይደለም፤ ሌሊት የሚደርስ ሰው ነው።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ አባታችን ካረፉ ሁለት ዓመት ሆነ። እኔ ከእናቴ ጋር እዚያው ቤት ነው የምኖረው። ወንድሞቼ ለጥምቀት ይሰበሰባሉ፤ ቤቱን ሸጠን እንካፈል ብለዋል። እናቴ ማልቀስ ጀምራለች።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በየዓመቱ በዚህ ሰሞን እንሰማዋለን። ያስለቅሳል፤ ግን መልሱ ግልጽ ነው።

ቤቱ አባትና እናት በትዳር ያፈሩት ከሆነ ግማሹ የእናትሽ ነው። ውርስ አይደለም፤ የራሷ ድርሻ ነው፣ አባትሽ በሕይወት ሳሉም የራሷ ነበር። ለልጆች የሚተላለፈው የአባትሽ ግማሽ ብቻ ነው። ያም ቢሆን ኑዛዜ ካለ ይታያል፤ ከሌለ ልጆቹ እኩል ይካፈላሉ፣ ሴት ከወንድ አታንስም። እናትሽ ካልፈረመች ቤቱ በሙሉ ሊሸጥ አይችልም። ይህን ዛሬውኑ ንገሪያት፣ እንቅልፍ ታግኝ።

ወንድሞችሽም ጠላት አይደሉም። አንዱ ኪራይ ከብዶት፣ አንዱ ልጅ ሊያስተምር ይሆናል። ሁሉም በአንድ ግቢ የሚገኙት በዓመት አንዴ፣ በዚህ ሰሞን ነው። ይህን አጋጣሚ ለመነጋገር ተጠቀሙበት እንጂ ለመሸጥ አትቸኩሉ። የንስሐ አባታችሁንና አንድ የምታከብሩትን የእናት ወገን አስቀምጡ። እናት በሕይወት እስካለች ቤቱ እንዳይሸጥ መስማማት ይቻላል። ትርፍ ክፍል ካለ አከራይቶ ኪራዩን እንደየድርሻ መካፈል ይቻላል። አቅም ያለው ልጅ የሌሎቹን ድርሻ ሊገዛ ይችላል። የተስማማችሁበት ይጻፍ፣ ሁሉም ይፈርም። ከበዓሉ በኋላ ደግሞ የወራሽነት ማረጋገጫውን ከፍርድ ቤት አውጡ። ያለ እሱ ቤቱን በማናችሁም ስም ማዞር አይቻልም።

ይህ ንግግር በጥምቀት ማዕድ ላይ ባይሆን ደስ ይለኛል። ጥር 13 ወይም 14 ይሁን፤ እንግዳው ሲበተን።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ ዙሪያ)፦ ከከተማው ጠርዝ አንድ ገበሬ ለቤት መሥሪያ የሚሆን መሬት ሊሸጥልኝ ነው። የቀበሌ ሽማግሌዎች ይፈርማሉ። ዋጋው ርካሽ ነው።

መልስ፦ አይግዙ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም አይለወጥም። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው፤ ያከራያል፣ ያወርሳል፣ ሊሸጥልዎት ግን አይችልም። ሽማግሌ ፈረመ ቄስ ባረከ፣ ውሉ ዋጋ የለውም። ከተማው ሲሰፋ ካሣ የሚከፈለው መዝገብ ላይ ስሙ ላለው ሰው ነው። የሠሩት ቤት ደግሞ የጨረቃ ቤት ተብሎ ይፈርሳል። ርካሽ የሆነው ለዚህ ነው። የመኖሪያ ቦታ በሊዝ የሚሰጠው እስከ 99 ዓመት ነውና የከተማውን የሊዝ ጨረታ ማስታወቂያ ይከታተሉ፤ በማኅበር ተደራጅቶ የመሥራት ዕድል ካለም ይጠይቁ።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ ጥር 23 ለፈረሰኞቹ በዓል እንግዳ ይበዛል፣ ሆቴሉ ይሞላል። ሁለት ትርፍ ክፍል አለኝ፣ ባከራይ ችግር አለው?

መልስ፦ ያከራዩ። የእንግዳውን መታወቂያ ይዩ፣ ስሙን ይመዝግቡ፣ ዋጋውን ቀድመው ይነጋገሩ። ፈረስ ይዞ የሚመጣ ካለ ማሰሪያና ድርቆሽ ከወዲሁ ይዘጋጅ። ዋጋውን ደግሞ እንግዳውን በሚያከብር ልክ ያድርጉት፤ ለከርሞም ይመጣል።

ጥያቄ (ከውጭ አገር፣ የዳንግላ ተወላጅ)፦ ዜግነት ቀይሬያለሁ። ዘንድሮ ለበዓሉ መምጣት አልቻልኩም። ወንድሜ በስሜ ቤት ሊገዛልኝ ይችላል?

መልስ፦ ይችላል። በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ያው ቢጫ ካርድ የምንለው፣ ካለዎት በቤት ባለቤትነት እንደ ውጭ ዜጋ አይቆጠሩም። ውክልናውን ባሉበት አገር ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይስጡ፤ እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል። «በሁሉም ነገር ወክዬዋለሁ» ብለው አይለፉት። የትኛውን ቤት፣ እስከ ስንት ብር፣ በማን ስም እንደሚገዛ ተዘርዝሮ ይጻፍ። መሸጥና በመያዣ ማስያዝ የማይፈልጉ ከሆነ እነዚህን ሥልጣኖች አይስጡ። ክፍያው ከእርስዎ ሒሳብ ቀጥታ ወደ ሻጩ ሒሳብ ይግባ። ወንድምዎን ስለማያምኑ አይደለም፤ ነገ ማን ከፈለ ቢባል እሱም እርስዎም ማስረጃ ይኖራችኋል።