ታገሰልሽ?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ አንድ ቃል ነው የማወራው። ማስታገሻ።

ባለፈው እናቴን ጉልበቷን ሲያማት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ከምርመራ ክፍሉ ስትወጣ ፊቷ ጠቁሯል። «እማዬ፣ ምን አሉሽ?» ስላት፣ «ምን ይላሉ፣ መድኃኒት እንኳ አልሰጡኝም፤ ማስታገሻ ነው» አለችኝ።

ሳቅኩ። ማታ ሳስበው ግን ልክ ናት። መድኃኒት «ዳነ» ከሚለው ነው የመጣው፤ አድናለሁ ይላል። ማስታገሻ ደግሞ «ታገሰ» ከሚለው ነው፣ ከትዕግሥት ጋር አንድ ቤት። እሱ አድናለሁ አይልም፤ ህመሙን «እስቲ ትንሽ ቆይ» ነው የሚለው። ማደንዘዣማ ጭራሽ ሌላ ነው፤ ጥርስ ሲነቀል፣ ኦፕራሲዮን ሲኖር የሚሰጥ።

በጣም የምወዳት ግን «ታገሰልሽ?» የምንላትን ነው። ታጋሹ በሽተኛው አይመስላችሁም? በአማርኛ እኮ ህመሙ ነው የሚታገሰው! «አዎ፣ አሁን ታገሰልኝ» ይባላል።

ቤት ውስጥ ስንታመም ቃሉን ብዙም አንጠራውም። «ኪኒን አለ?» ነው የምንለው። ኪኒን ራሱ የወባው መድኃኒት፣ የኩዊኒን ስም ነበር፤ ዛሬ ለሚዋጠው ሁሉ ሆኖ ቀረ። ማስታገሻን እኔ አዘውትሬ የምሰማው ስለ ኑሮ ውድነት ሲወራ ነው፤ «ይሄ ማስታገሻ እንጂ መፍትሔ አይደለም»። እዚያ ስድብ ሆናለች፣ ምስኪን።

እናቴ ግን ያን ቀን የናቀችውን ማስታገሻ ቀስ በቀስ ወደደችው። አንድ ቀን የነጠላዋን ጫፍ ስትፈታ ሁለት ዓይነት ፍሬ አየሁ። አንዱ የታዘዘላት ዳይክሎፌናክ፣ ሌላው ጎረቤቷ «እኔን አሽሎኛል» ብላ የሰጠቻት አይቡፕሮፌን። ሁለቱንም ትውጣለች፣ አንዳንዴም በባዶ ሆዷ። ሁለቱ እኮ ዘመዳሞች ናቸው፤ አብረው ሲወሰዱ ጨጓራና ኩላሊት ላይ ነው የሚበረቱት። ቀላል የምንለው ፓራሲታሞል እንኳ ልክ አለው፤ ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ አይለፍ ይባላል፣ ጉበት ስለሚጎዳ።

«እማዬ፣ አብረሽ አትዋጪያቸው» አልኳት።

«አንዱ ካላስታገሰው ሌላው ያስታግሰዋል ብዬ ነዋ!»

አይቡፕሮፌኑን ተቀብያት ኪሴ ከተትኩ። ዳይክሎፌናኩን እያየችኝ መልሳ ቋጠረችው፤ ያውም ሁለት ጊዜ።